አንድም አዲስ ቀዳዳ ሳይበሳ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ስለ ገንዘብ፣ ስለ መሬትና ስለ ልጅ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ኮፋኖ ሲነገር ግን እኔ የሰማሁት በፔካ 12 ነው።

ከጅቡቲ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚያመራውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በመንገዱ ዳር የተሰለፉ ከባድ መኪናዎችን ያገኛል። ሥፍራው ፔካ 12 ይባላል። ስያሜው ሌላ ምሥጢር የለውም፤ በፈረንሳይኛ የመንገዱ አሥራ ሁለተኛ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለኢትዮጵያዊው ሾፌር ግን ፔካ 12 ከቁጥር በላይ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ አብዛኛው የሀገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ በጅቡቲ ወደብ ስለሚተላለፍ፣ ሾፌሩ የጭነት ተራውን የሚጠብቀው፣ እንጀራ የሚበላው፣ የቤቱን ወሬ የሚጠያየቀውና ሞተሩን የሚያስጠግነው በዚሁ ሥፍራ ነው።

አጎቴ በዚህ መስመር ላይ ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጠዋል። ዛሬ ጉልበታቸው ስለ ደከመ ከባዱን መኪና ለሌላ አስረክበው፣ ከልጃቸው ጋር በፔካ 12 አነስተኛ የጥገና ሥራ ይሠራሉ። በዕረፍቴ ሰሞን ልጠይቃቸው በሄድኩበት ጊዜ፣ ከቆርቆሮው ዳስ ጥላ ሥር በሸራ የተሸፈነች አንዲት መኪና አየሁ። ሸራው ሲገለጥ ቢጫ መልኳን ፀሐይ ያደበዘዘው፣ ነገር ግን ከአካሏ አንዲት ላሜራ ያልጎደለባት ቶዮታ ላንድክሩዘር ሆና ተገኘች።

«የማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የእኔ አይደለችም» አሉ አጎቴ። «አደራ ናት።»

የመኪናዋ ታሪክ

መኪናዋ የአጎቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ሰው ንብረት ነበረች። ሰውዬው በጅቡቲ ለብዙ ዓመታት ኖረው፣ በሕመም ሊለዩ በተቃረቡ ጊዜ አጎቴን አስጠርተው «ልጄ ትምህርቱን እስኪጨርስ ያዝልኝ፤ እናቱንም በእርስዋ አመላልስልኝ፤ እንዳለች አስረክበው» አሉ። ልጁ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ብላቴና ሲሆን፣ ድሬዳዋ በአያቱ ቤት ይማር ነበር። እናቱ ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር ፔካ 12 ቀርተው፣ ለሾፌሮች ሻይና ምግብ እየሸጡ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ።

እንዳለች የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። መኪናዋ ኤች ጄ 61 በመባል የምትታወቀው ናት። ቶዮታ 60 የተባለውን የላንድክሩዘር ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በ1985 ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ የሆነና ቱርቦ የተገጠመለት የናፍጣ ሞተር ጨመረበት። ይህ 12 ኤች-ቲ የሚባለው ሞተር 136 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሥራው በ1990 ስለ ተቋረጠ፣ ዛሬ በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በጃፓን የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ዓይነት ሆኗል። በአሜሪካ ሕግም ከተሠራች 25 ዓመት የሞላት መኪና የዘመኑን የደኅንነት መመዘኛ ሳትጠየቅ መግባት ስለምትችል፣ ፈላጊዋ በዝቷል። እነዚህ ሰብሳቢዎች ደግሞ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ቀለሟ አይደለም። «ተቆርጣለች ወይ? ተበስታለች ወይ? ተበይዳለች ወይ?» የሚለውን ነው። ስለዚህ በኮፋኖዋ ላይ የሚቀደድ አንድ ክፍተት ከልጁ ውርስ የሚቀነስ ገንዘብ ነው።

በአርታ ዳገት ላይ

ችግሩ የተነሣው ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር ነው። የልጁ እናት የአስም ሕመምተኛ ናቸው። የጅቡቲ ሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥልና አቧራ ያዘለ ነፋስ የሚነፍስበት ስለ ሆነ፣ ሐኪማቸው በበጋው ወራት ነፋሻ ሥፍራ ሄደው እንዲያርፉ መከራቸው። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው አርታ ለዚህ የታወቀች ናት።

አጎቴ እትዬን፣ ልጃቸውንና የቤት ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። በዳገቱ አጋማሽ ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ የሙቀት ማሳያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ። መኪናዋ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ዳር ቆመች። እትዬ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ሴት ልጃቸው በካርቶን እያራገበቻቸው፣ ሞተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። «ያን ዕለት አደራው ሁለት እንደ ሆነ ገባኝ» አሉ አጎቴ። «አንዱ መኪናዋ ናት። ሁለተኛው በውስጧ የተቀመጡት ናቸው።»

ወደ ፔካ 12 እንደ ተመለሱ፣ መካኒክ የሆነው የአጎቴ ልጅ አስቀድሞ የተለመደውን ሁሉ አደረገ። በአቧራና በጨው የተደፈነውን ራዲያተር አጠበ፤ የአየር ማጣሪያውን ለወጠ፤ የማራገቢያውን አሠራር መረመረ፤ ቀበቶውን አጠበቀ። በዚህም የሞተሩ ሙቀት ተሻለ። ጭሱና የጉልበቱ ማነስ ግን አልተወገደም።

አየርስ ለምን ይቀዘቅዛል?

ምክንያቱን ለመረዳት የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ልጅ ዕውቀት ይበቃል። ፓምፑ ሲደጋገም ጫፉ ይሞቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበለት ቱርቦ፣ በሚባክነው የጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር ያስገባል። አየር በበዛ መጠን ናፍጣው በሚገባ ይነዳል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ነገር ግን የታመቀው አየር በሙቀት ተለጥጦ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦው ካተረፈው ከፊሉ ይመለሳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የውጭው አየር 40 ዲግሪ ቢሆንና ቱርቦው 0.7 ባር ግፊት ቢጨምርበት፣ መካከለኛ ብቃት ካለው ቱርቦ የሚወጣው አየር ወደ 119 ዲግሪ ይደርሳል። ኢንተርኩለር የሚባለው መሣሪያ በቱርቦውና በሞተሩ መካከል ገብቶ ይህንን አየር የሚያበርድ ነው። ከተጨመረው ሙቀት 60 በመቶውን ቢያስወግድ አየሩ 72 ዲግሪ ሆኖ ይገባል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውም አየር አሥራ ሦስት በመቶ ያህል ይጨምራል። የናፍጣው መጠን ሳይነካ አየሩ ብቻ ሲበረክት ጭሱ ይቀንሳል፤ የሚቃጠለውም ጋዝ ሙቀቱ ይረግባል።

በፔካ 12 ተሰልፈው የሚታዩት የዘመኑ ከባድ መኪናዎች ሁሉ ከራዲያተራቸው ፊት ይህ መሣሪያ አላቸው። ኤች ጄ 61 ግን ከፋብሪካ ስትወጣ አልተገጠመላትም።

ትራፓኖው የተነሣ ዕለት

የአጎቴ ልጅ መፍትሔ አላጣም። ከሞተሩ በላይ የሚቀመጥ፣ በአየር የሚበርድ ኢንተርኩለር አስቦ፣ አየር እንዲያገኝ ኮፋኖውን በኖራ አሰመረ። ትራፓኖውን ሰክቶ ሲያነሣ አጎቴ ደረሱ።

«በማን ኮፋኖ ላይ ነው የምታነሣው?»

«አባዬ፣ በኋላ አሣምሬ ክዳን እሠራለታለሁ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ሰው ሁሉ በራሱ መኪና ላይ ነው የሚያደርገው።»

«ታዲያ እትዬ መንገድ ዳር ይታፈኑ?»

አጎቴ መልስ አጡ። የልጁ ጥያቄ እውነት ነበረውና። በመጨረሻ ጉዳዩን ለባለቤቷ ለማቅረብ ተስማሙ። እትዬ ነገሩን በጽሞና ሰምተው፣ «ጋሼ፣ እኔ ሕመሜን እችላለሁ። ልጄ ሲመጣ ግን የአባቱን መኪና እንዲያውቃት እፈልጋለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ግን በሳል ተቋርጠው ነበር። ወጣቱ መካኒክ ትራፓኖውን ነቅሎ በሳጥን ከተተው። «እንግዲያው መቁረጥ በሌለበት እናስብ» አለ።

ያለ መቁረጥ የተገኘው መንገድ

ወፍራም የአየር ቱቦ ወደ መኪናዋ ግንባር ለማድረስ የራዲያተሩን መያዣ ላሜራ መቁረጥ ግድ ይላል። ቀጭን የውኃ ቱቦ ግን ነባሩ የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ በሚያልፍበት ክፍተት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በአየር ፋንታ በውኃ የሚበርድ ኢንተርኩለር ተመረጠ። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 በሠራት ሴሊካ ጂቲ-ፎር ላይ የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ከዚያችው መኪና የተፈታ አንድ ኢንተርኩለር ከሻርጃ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በሰው በኩል ተገዝቶ መጣ።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። ከቱርቦው የሚወጣው ትኩስ አየር በኢንተርኩለሩ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውኃ ያስረክባል። ውኃው በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተገፋ በግንባር ወደ ተሰቀለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፤ እዚያ ነፋስ ያበርደዋል፤ ተመልሶም ይመጣል። ይህ ውኃ ከሞተሩ ውኃ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። የሞተሩ ውኃ ከ80 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ስለ ሆነ፣ በእርሱ አየርን አበርዳለሁ ማለት በፍም እሳት በረዶ እጠብቃለሁ እንደ ማለት ነው።

ወጣቱ ሙቀቱን ለመለካት እንኳ ነባሩን ቱቦ አልበሳም። በልኩ ሌላ ቱቦ አሠርቶ የሙቀት መለኪያውን በዚያ ላይ ተከለ። ትንሿን ራዲያተር የሰቀለው ፋብሪካው ራሱ በተዋቸው ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች ላይ፣ በላስቲክ ማረፊያ አድርጎ ነው። የፓምፑን የኤሌክትሪክ መስመር ከባትሪው በቅርብ ርቀት ፊውዝ አስገብቶ፣ በሪሌ አሳልፎ ዘረጋ፤ ከነባሩ ሽቦ አንዱንም አልላጠም፣ አልቆረጠም።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። በውኃው መስመር ውስጥ አየር ስለ ታሰረ ፓምፑ በከንቱ ይጮኽ ነበር። የውኃ መሙያውን ገንቦ ከመስመሩ ሁሉ ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጦ አየሩ እንዲወጣ ሲያደርግ ተስተካከለ። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነበር። አስቀድሞ የሰቀላት ራዲያተር ሰፊ ስለ ነበረች፣ ለሞተሩ ራዲያተር የሚደርሰውን ነፋስ ጋረደችበት፤ የሞተሩም ሙቀት ጨመረ። «አንዱን ሳበርድ ሌላውን አቃጠልሁ» አለ። በግማሽ ያነሰች ራዲያተር አግኝቶ፣ ዝቅ አድርጎና በመካከል ክፍተት ትቶ ሰቀላት።

አጎቴ በበኩላቸው አንድ ሕግ አወጡ። ከመኪናዋ የተፈታ ዕቃ ሁሉ ይጻፋል፤ ይታሰራል፤ በሣጥን ይቀመጣል። ጸሐፊዋ የአሥራ አንድ ዓመቷ የእትዬ ሴት ልጅ ሆነች። ቱቦውን፣ ላስቲኮቹን፣ ፋሼታዎቹንና ብሎኖቹን በየከረጢቱ አድርጋ፣ የተፈታበትን ቦታና ቀን በደብተሯ መዘገበች። ጠቅላላ ድምሩ 17 ሆነ።

ሁለተኛው ጉዞ

በተከታዩ ሰኔ መኪናዋ እንደ ገና ወደ አርታ ወጣች። ሰዓቱ ሆን ተብሎ ቀትር እንዲሆን ተደረገ፤ መጀመሪያ የወጡት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ፤ በእትዬ ቦታ የአሸዋ ጆንያ ተጭኗል። ኢንተርኩለሩ ከመገጠሙ በፊት በዚያው ዳገት 116 ዲግሪ የተነበበው የአየር ሙቀት፣ አሁን 64 ላይ ቆመ። የሞተሩ ሙቀት ማሳያ ከመካከል አልነቃነቅ አለ። በሚቀጥለው ቀን እትዬና ልጃቸው ወጡ። መኪናዋ ከዚያ በፊት በቆመችበት ሥፍራ ሲያልፉ፣ ትንሿ ልጅ ካርቶኗን በመስኮት አውጥታ እንዳራገበች አጎቴ እየሳቁ አጫወቱኝ።

አንድ ሾፌር ይህን አይቶ «አሁንማ ናፍጣውን ጨምሩበትና እንደ ጥይት ትሂድ» ብሎ መክሮ ነበር። ወጣቱ ግን አልተቀበለውም። የናፍጣ ፓምፑ የፋብሪካ ማኅተም ሳይነካ እስከ ዛሬ አለ። የተፈለገው ፍጥነት ሳይሆን፣ አንዲት እናት ሳትታፈን ዳገት እንድትወጣ ነበርና።

ለአንባብያን የሚጠቅሙ ነጥቦች

አሮጌ ቱርቦ መኪና ያላችሁ፣ ወይም የሌላ ሰው መኪና በእጃችሁ ያለች አንባብያን፣ ከዚህ ሥራ የሚከተለውን መውሰድ ትችላላችሁ።

1ኛ/ ኢንተርኩለር የታመመ ሞተር መድኃኒት አይደለም። አስቀድሞ ራዲያተሩ፣ የአየር ማጣሪያውና ማራገቢያው ይመርመሩ።

2ኛ/ ከመፍታት በፊት ፎቶግራፍ አንሡ፤ የተፈታውን ሁሉ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡ። ነባሩን ዕቃ የሸጠ ወይም የጣለ ሰው፣ ባይቆርጥም እንደ ቆረጠ ይቆጠራል።

3ኛ/ መበሳት ቢያስፈልግ አዲሱ ዕቃ ይበሳ እንጂ ነባሩ አይነካ።

4ኛ/ አሮጌ ኢንተርኩለር ከገዛችሁ ከመገጠሙ በፊት ውስጡን ከዘይትና ከብናኝ አጥቡ። ከዚያም ጫፎቹን ደፍናችሁ እስከ 1 ባር ድረስ ብቻ አየር ሙሉበትና በሳሙና ውኃ ፈትሹ፤ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ያፈሳል።

5ኛ/ የፓምፑ ቮልት ከመኪናዋ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ። የላንድክሩዘር ናፍጣዎች ከፊሎቹ 12፣ ከፊሎቹ 24 ቮልት ናቸውና።

6ኛ/ ለብቻው በሚዞረው ውኃ ውስጥ የዝገት መከላከያ ጨምሩ፤ ቱቦዎቹም የላሜራ ጠርዝ እንዳይፈገፍጋቸው በላስቲክ ጠብቋቸው።

7ኛ/ ሥራው ሲያልቅ «ነገ ጠዋት ሁሉን ፈትቼ እንደ ነበረ ልመልሳት እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አዎን ካልሆነ ሥራው ገና አላለቀም።

ርክክቡ

ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ በመስከረም ከድሬዳዋ መጣ። እኔም በዚያ ነበርሁ። ቁመቱ ከአጎቴ በላይ ሆኗል። እትዬ ቡና አፍልተው፣ እንግዳውና ባለ አደራው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አጎቴ አስቀድመው የሰጡት የመኪናዋን ቁልፍ አልነበረም። ሣጥኑን ነው። እኅቱ ደብተሯን ገልጣ አነበበች፤ እርሱ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ ሰባት ሞላ።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደና ኮፋኖውን ከፈተ። አዲሱን ኢንተርኩለር፣ ቱቦዎቹንና ትንሿን ፓምፕ አንድ በአንድ ተመለከተ። ኮፋኖውን መልሶ ከዘጋው በኋላ መዳፉን በላሜራው ላይ ከወዲህ ወዲያ አስኬደ።

«ጋሼ፣ ትራፓኖ የነካው የት ላይ ነው?»

«የለም» አሉ አጎቴ። «ከፈለግህ ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉን ፈትተን፣ አባትህ እንደ ሰጠኝ አድርገን እንሰጥሃለን።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞር ብሎ ተመለከተ። እትዬ የቡናውን ረከቦት እያነሡ ነበር፤ የጠዋቱ ሙቀት ገና ሳይበረታ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል።

«አይፈታ» አለ። «ሣጥኑ ብቻ ከእኔ ጋር ይሁን።»

አጎቴ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት። እርሱም ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። ወጣቱ መካኒክ ግን ከዳሱ ጥግ ቆሞ፣ አንድ ነገር እንደ ረሳ ሰው ወደ መኪናዋ ተጠጋና፣ በኮፋኖው ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ያሰመረውን፣ ከሸራው ሥር ተደብቆ የቀረውን የኖራ መስመር በእጅጌው ጠረገው።